በእግር የተመረጠው አምፕሊፋየር

ቤዝ ጊታር ብቻውን ምስኪን ዕቃ ነው። ክራር ብትነካው ቤት ይሞላል፤ ማሲንቆም እንደዚያው። ቤዝ ጊታር ግን አምፕሊፋየር ካልተሰካበት የሚያወጣው ድምፅ ከዝንብ አይበልጥም። ለቤዝ ተጫዋች ግማሹ መሣሪያ ከኋላው የቆመው ሣጥን ነው። ይህን የማያውቁ ሰዎች ናቸው ጎባ ውስጥ ለዓመታት ከዘፋኙ ጋር በአንድ አምፕሊፋየር ያጫወቱኝ። እሱ አፉን ሲከፍት እኔ እጠፋለሁ፤ እኔ ስጠነክር እሱ ይንጫጫል። ተኳርፈን እንጂ ተስማምተን ከመድረክ የወረድንበትን ቀን አላስታውስም።

ጎባ ያኔ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። የኪነት ቡድናችን ባህላዊና ዘመናዊ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ባህላዊው ሕዝቡን ያስጨፍራል። ዘመናዊው፣ ማለትም እኛ፣ የአብዮት መዝሙር እናጅባለን፤ በመሃል ደግሞ ሰው ወንበሩን ገፍቶ የሚነሳበትን ዳንስ እንጫወታለን። ልባችን ግን ሌላ ቦታ ነበር። እኔና ድራመሩ ተማሪ ሳለን አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ትቶልን በሄደው የሙዚቃ ሸክላ በሮክ ተለክፈን የቀረን ነን። በደርግ ጊዜ ሮክ የኢምፔሪያሊስት ጩኸት ስለነበር ስሙን ጠርተን አንጫወተውም። «መሣሪያ እየፈተሽን ነው» እንል ነበር። ያ ፍተሻችን አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኃላፊያችን፣ ዕድሜው ከእኛ ብዙም የማይርቅ ሰው፣ በር ላይ ቆሞ «እስካሁን ተፈትሾ አላለቀም?» ሲል «ጓድ ኃላፊ፣ ትንሽ ይቀረዋል» እንለዋለን።

ድራመሩ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ቤታችንም የተያያዘ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ እሱ ተመልምሎ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ፤ እኔን ዕጣው አለፈኝ። መድፍ ላይ መድበውት ነበር። ሲመለስ አካሉ ሙሉ ነው። እናቱ እጅ እግሩን ዳብሰው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እኔም አቅፌው አለቀስኩ። ወደ ድራሙ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ቤዜ። የተጎዳው አንድ ጆሮው ብቻ ነበር፤ እሱንም ጉንፋን ነው ይል ነበር። ሁለተኛው ቀስ በቀስ ተከተለ።

ያወቅሁት እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎባ በጉም ተሸፍና አዳራሹ ውስጥ ስንለማመድ መብራት ጠፋ። ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ የእኔም ቤዝ እኩል ዝም አሉ። እሱ ግን አላቆመም። አቀርቅሮ ድራሙን ይመታል፤ ዘፈኑን ከመሃሉ ይዞ ብቻውን ይሄዳል። የቡድኑ ልጆች የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀና ሲል ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ እጄ ነው። እጄ ክሩ ላይ አልነበረም። ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ።

ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ፊት ለፊቴ አቆመኝና ነገረኝ። «ከንፈር አነባለሁ። ከእጅህም አነባለሁ። የራሴን ድራም ሰውነቴ ያውቀዋል። ያጣሁት ቤዙን ነው። ቤዙ ከመጣልኝ ሌላው አይቸግረኝም። ያ ከዘፋኙ ጋር የምትካፈለው ሣጥን ግን ስስ ነው፤ ንዝረቱ ወለሉ ላይ አይወርድም» አለኝ። አዳራሻችን ወለሉ ጣውላ ነበር። ለካ ከድራሙ ኋላ ተደብቆ ጫማውን እያወለቀ ነው ሲጫወት የከረመው።

«ለኃላፊው እንንገረው» አልኩ፤ ሳስበው ሞኝነት ነበር።

«ነግረህስ? መስማት የተሳነውን ድራመር ማን ያስቀምጣል? ድራሙን ከወሰዱብኝ ቁጭ ብዬ የሰው አፍ ሳይ ልኖር ነው። እሱ ኑሮ አይደለም።»

እኔም ላልናገር ማልኩ። ከእናቱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከተማው ግን ማውራት ጀምሮ ነበር፤ ሰላምታ አይመልስም፣ ከግንባር መልስ ኮርቷል እያለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መታማቱን ሳያውቅ የቆየው እሱ ብቻ ነበር። ኃላፊውም «ድራሙ እየተጎተተ ነው፤ ሮቤ አንድ ጎበዝ ወጣት አለ ይሉኛል» ማለት አመጣ። ይህን ባለ ቁጥር ጓደኛዬ አፉን እያየ ነበር፤ አንዱም ቃል አላመለጠውም።

በዚህ ጊዜ ነው ለቤዝ ለብቻው አምፕሊፋየር እንዲገዛ የተፈቀደው። ለዓመታት ስነዘንዝ የሰማኝ አልነበረም፤ ትልቅ በዓል ሲደርስና ከላይ እንግዶች እንደሚመጡ ሲነገር በአንድ ሳምንት ተፈቀደ። እኔና ኃላፊው ለመምረጥ አዲስ አበባ ሄድን። ስነሳ ጓደኛዬ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባክህ፣ ለእኔ ስማልኝ።»

ከተዘጉ የምሽት ክበቦች የተሰበሰበ የሙዚቃ ዕቃ የተከማቸበት አንድ ግምጃ ቤት ገባን። ጠባቂው ሁለት የቤዝ አምፕሊፋየሮች አወጣልን። አንደኛው አዲስ ነው፤ በትራንዚስተር ይሠራል፤ አንድ ሰው አንጠልጥሎት ይሄዳል። ድምፁ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ የሚሰማበት ነበር። ሁለተኛው አሮጌ ነው። ሁለት ሰው እያቃሰተ ነው የሚያነሳው። እስፒከሩ አንድ ብቻ ቢሆንም እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው። ውስጡ የመስታወት ቫልቮች አሉት፤ እነሱ እስኪግሉ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ገና ሲበራም ያጉተመትማል። የባሌን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ምርጫው አያጠያይቅም። መስታወት ጭኖ የዲንሾን ዳገት መውጣት እንቁላል በኪስ ይዞ እንደ መሮጥ ነው። በዚያ ላይ የምንጫወተው ግማሹን ጊዜ በጄኔሬተር ነው። ያንን እያወቅሁ ዓይኔ ከአሮጌው አልነሳ አለ።

ወለሉ ሲሚንቶ ስለነበር ጠባቂውን ጣውላ ለመንኩት። የአንድ ትልቅ ሣጥን ክዳን ጎትቶ አመጣልኝ። አዲሱን አምፕሊፋየር በአንዱ ጫፍ አስቀመጥኩና ጫማዬን አውልቄ በሌላው ጫፍ ቆምኩ።

ኃላፊው አፈጠጠብኝ። «አንተ! አምፕሊፋየር በጆሮ ነው በእግር የሚመረጠው?»

«ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው» አልኩ።

ቤዙን አዲሱ ላይ ሰክቼ ወፍራሙን ክር መታሁ። ጆሮዬ ወደደው፤ እግሬ ግን ከመኮርኮር ያለፈ ነገር አላገኘም። አሮጌውን አስቀመጥን፤ እስኪግል ጠበቅን፤ መታሁ። በውስጥ እግሬ ገብቶ፣ ጉልበቴን አልፎ፣ ደረቴ ላይ ቆመ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ጠባቂውን «አንተ ምታልኝ» አልኩት። ሰውዬው ቤዝ ነክቶ አያውቅም፤ እንዳገኘ እየጎተተ ለቀቀው። መቼ እንደመታና መቼ እንዳቆመ በጣውላው ብቻ አወቅሁ። ከደስታዬ የተነሳ ለቅሶ ለቅሶ አለኝ።

ኃላፊውን ማሳመን ግን ይቀረኝ ነበር። እውነቱን ልነግረው አልችልም። «ጓድ ኃላፊ» አልኩ፣ «በበዓል ቀን ሕዝቡ ሜዳ ሙሉ ነው። ትንሹ ለሳሎን ነው የሚሆነው።» ዞር ዞር ብሎ አሮጌውን አየው። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ግን ትልቅ ነገር ይወዳል። ትልቅ ባንዲራ፣ ትልቅ ፎቶ፣ ትልቅ ጠረጴዛ። «ትልቅ ነው» አለ። «አዎ፣ ትልቅ ነው» አልኩ። «ክፍለ ሀገር የሚወክል ነገር ትልቅ መሆን አለበት» ብሎ ፈረመ።

በአውቶቡስ ነው ያመጣነው። ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብዬ ከሾፌሩ ረዳት ጋር ልንደባደብ ምንም አልቀረን። በመጨረሻ በመቀመጫዎቹ መሃል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ገባ፤ እኔም አቅፌው ተቀመጥኩ። ዶዶላ ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ድምፅ ማጉያ ነው» አልኳቸው። ጆሮአቸውን ወደ ብርድ ልብሱ አስጠጉና «ታዲያ ዝም ብሏል እኮ!» አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ዲንሾ ላይ ብርዱ ሲጠና ሰው ሁሉ ጋቢውን ሲከናነብ እኔ ጋቢዬን ለሣጥኑ ደረብኩለት። ኃላፊው «ይህን ያህል ሚስትህን ብትወድ» አለኝ። ሚስት አልነበረኝም።

ጎባ ስንደርስ አንድም ቫልቭ አልተሰበረም። አዳራሹ ውስጥ ከድራሙ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ልጆቹ እስኪመጡ አልጠበቅንም። ጓደኛዬ ጫማውን አወለቀና ተቀመጠ። ወፍራሙን ክር መታሁ። ወደ ወለሉ ጎንበስ ብሎ አየ፤ የሆነ ነገር ከሥር የሚወጣ ይመስል። ደግሜ መታሁ። እንጨቱን አንስቶ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ያ የድሮ የሮክ ዘፈናችን ነበር፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው። አልተጎተተም፤ አልቀደመም። እጄን እንኳ አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስንጨርስ «መጣልኝ» አለ። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መልካም ነበር። በዓሉን ተጫወትን፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ኃላፊው የሮቤውን ወጣት ማንሳት ተወ። ሮቤ ላይ ተጫወትን። ሲናና ላይ የስንዴ አጨዳ ሲያልቅ የትራክተር ተሳቢ መድረክ ሆነልን፤ ወለሉ ጣውላ ስለነበር ጓደኛዬ እንደ ሕፃን ደስ አለው። የትም ስንሄድ መጀመሪያ የማየው መድረኩን ነው፤ አፈር ከሆነ ሰበብ ፈልጌ ጣውላ አስነጥፋለሁ። ሰው አምፕሊፋየሩ እርጥበት እንዳይነካው የምሰጋ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ጎሮ ሄድን። የገበያ ቀን ነበር፤ ከየቀበሌው የመጣው ሰው ከነከብቱ ሜዳውን ሞልቶታል። የከተማው ሰዎች መድረክ ሠርተው ጠበቁን። በርሜሎች ደርድረው በላዩ ጣውላ ረብርበዋል። ከመኪናው ሳልወርድ አየሁትና ደስ አለኝ። ከሥሩ ባዶ የሆነ የጣውላ መድረክ ራሱ ከበሮ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ወለል አዝዘህም አታሠራም። ለጓደኛዬ በዓይኔ አሳየሁት። ፈገግ አለ።

አምፕሊፋየሩን የሚያወርዱትን ሰዎች «ቀስ! ውስጡ መስታወት አለው» ብዬ አስጠንቅቄ እኛ ምሳ ተጋብዘን ገባን። ስንመለስ መድረኩን አላወቅሁትም። ጣውላው ላይ ወፍራም የገብስ ጭድ ተነስንሷል። በጭዱ ላይ ከየቤቱ የወጣ ምንጣፍ፣ አጎዛና ብርድ ልብስ ተደራርቧል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ፣ መስታወት አለው ስለተባለ፣ የጥጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ይህን ያሠሩት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ በከተማው የተከበሩ የእህል ነጋዴ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ከመድረኩ ሥር ቆመው ጠበቁን።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ!» ብለው በየተራ ጨበጡን። «እንግዳ ባዶ ጣውላ ላይ አይቆምም። ይኼ ቀዩ ምንጣፍ የእኔ ነው፤ ለሠርግ እንጂ አይወጣም።»

ምን ልበል? «ሐጂ፣ ክብር ይስጥልን» አልኩ። በዚያ አገር ለእንግዳ የተነጠፈን አንሱልኝ ማለት ጉርሻ እንደ መትፋት ነው። ምክንያቱን ሳልናገር ማስነሳት አልችልም፤ ብናገር ደግሞ ጓደኛዬ አለቀለት። ኃላፊው ከጎሮ ባለሥልጣናት ጋር ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ምንጣፉን አየ፣ ፍራሹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገና ጫማውን አወለቀ። ሽማግሌው ለምንጣፋቸው ያደረገው አክብሮት መስሏቸው «ማሻአላህ! ያሳደገው ሰው ይባረክ» አሉ፤ ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ።

የመጀመሪያውን መዝሙር ከልምድ ወጣው። ከአሥር ጊዜ በላይ የተጫወትነው ነው፤ ዓይኑንም ከእጄ አልነቀለም። ሁለተኛው ዘፈን ኦሮምኛ ነበር። ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ሲደርስ የጎሮ ሰው እያጨበጨበ ተቀበለው። ዘፋኙ ደስ ብሎት መጨረሻው ላይ ከማቆም ይልቅ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ እኛም ተከተልነው። ጓደኛዬ የሕዝቡ እጅ ከፍ ማለቱን ሲመለከት ዘፈኑ ያለቀ መሰለው። ጸናጽሉን በኃይል መታ፤ እንጨቶቹን አስቀመጠ፤ ቆሞ ለሕዝቡ እጅ ነሳ። እኛ ገና እየተጫወትን ነው። ጊታሩ ተሰናከለ፣ ኦርጋኑ ቆመ፣ ዘፋኙ ዞር አለ። ከፊት የነበሩት ሳቁ።

ኃላፊው ወደ መድረኩ ወጣ። ጓደኛዬ የሆነው ገብቶት አጎንብሶ ፔዳሉን የሚያስተካክል መስሎ ፊቱን ደብቋል። ኃላፊው ከጀርባው ቆሞ «ምን ሆነህ ነው?» አለው። መልስ የለም። «አንተን እኮ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። አሁንም የለም። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር ሜዳው ሁሉ ሰማ። እኔ ሁለት እርምጃ ሄጄ «አሞታል፣ ጓድ ኃላፊ፤ ከጠዋት ጀምሮ አሞታል» አልኩ። ኃላፊው እኔን አየኝ፣ ተመልሶ ያንን ያቀረቀረ ጀርባ አየ። ቀስ ብሎ እጁን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ጓደኛዬ በድንጋጤ ዘለለ። በዚያች ቅጽበት የኃላፊው ፊት ተለወጠ። ገባው።

«በቃ፣ ዘመናዊው አብቅቷል፤ ባህላዊው ይግባ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሊሸፍንለት እንደሆነ ዛሬ አምናለሁ። አሞታል ተብሎ ቢቀር ከእኛ በቀር የሚያውቅ አይኖርም ነበር፤ ጎባ ስንመለስም አንድ ነገር እንፈጥር ነበር።

ሽማግሌው ግን ግራ ተጋብተው «ማል ታኤ? ምን ሆነ? ምንጣፉ አስቸገራችሁ እንዴ?» አሉ። ፊታቸው ላይ እፍረት ነበር። የሕዝቡ ሳቅ በእሳቸው ላይ የመጣ መሰላቸው፤ ደግሰው እንዳጠፉ ሰው ሆኑ። ጓደኛዬ አፋቸውን አየ። ሊያልፈው ይችል ነበር። ከመድረኩ ወርዶ በባዶ እግሩ ፊታቸው ቆመ፤ የማይሰማ ሰው ድምፁን መጥኖ አያወጣምና ሜዳው ሁሉ እየሰማው ተናገረ።

«ሐጂ፣ ዲፋማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምንጣፍዎ ምንም አላጠፋም። ጆሮዬ አይሰማም። ጦር ሜዳ ቀርቷል። ሙዚቃውን የምሰማው በእግሬ ነው፤ ጣውላው ነው የሚነግረኝ። እርስዎ ያከበሩን ክብር ለእኔ በዝቶብኝ ነው።»

ሽማግሌው በትራቸውን አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጡና ጎንበስ ብለው የቀዩን ምንጣፍ ጫፍ በገዛ እጃቸው ያዙ። «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ አንሱ!» አሉ። ሰው ተረባረበ። አጎዛው ተነሳ፣ ብርድ ልብሱ ተነሳ፣ ጭዱ በክንድ እየታቀፈ ወረደ፤ ጣውላው እስኪራቆት በነጠላቸው የጠረጉም ነበሩ። አምፕሊፋየሩን ከፍራሹ ያወረድነው እኔና ኃላፊው ነን። ከጓደኛዬ እግር አጠገብ አስቀመጥነው። ኃላፊው አላየኝም፤ «አሁን ገባኝ፣ ጫማህ ውስጥ ጠጠር አልነበረም» ብቻ አለኝ።

ያን ቀን የተጫወትነውን አልረሳውም። ያንኑ የኦሮምኛ ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመርነው። አምፕሊፋየሩን የቻልኩትን ያህል ከፈትኩት፤ በርሜሎቹ አስተጋቡ። ዘፋኙ እንደገና ተመለሰ፤ እኔ ስመለስ ጓደኛዬም አብሮኝ ተመለሰ፤ አንድ ምት አላመለጠውም። ከመድረኩ ጥግ የቆሙ ሰዎች መዳፋቸውን ጣውላው ላይ አድርገው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ሽማግሌውም አደረጉ። ስንጨርስ ጓደኛዬ እንዲያይ ብለው እጃቸውን ከፍ አድርገው አጨበጨቡ፤ ሜዳው ሁሉ እጁን ከራሱ በላይ አነሳ።

እንዲህ ሆኖ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሜዳ ሙሉ ሰው የሰማውን ነገር ማን ይደብቀዋል? ወሬው ከእኛ መኪና ቀድሞ ጎባ ገባ። ኃላፊው ጓደኛዬን ጠርቶ አነጋገረው። እኔ ካልገባሁ ብዬ ገባሁ። «ይህ አምፕሊፋየር ያለው ለእሱ ነው፤ አንድ ቀን የሳተው በጭድ ምክንያት ነው» ብዬ ተሟገትኩ፤ ጠረጴዛም መታሁ። ኃላፊው አልተቆጣም። ጓደኛዬ እንዲያነብለት ቀስ እያለ «እኔ አይቼሃለሁ፤ ትችላለህ። ከላይ ግን የማይሰማ ሰው ድራም ላይ አስቀምጠሃል ሲሉኝ እግሩ ይሰማል ብዬ ልጻፍላቸው?» አለው። ጓደኛዬ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ። «አይጻፉ» አለው።

የሮቤው ወጣት መጣ። ጓደኛዬ የወንበሩን ከፍታ፣ የፔዳሉን አያያዝ ራሱ አሳየው። ኃላፊው ለጓደኛዬ ልምምድ ላይ መጥቶ እንዲቀመጥ ፈቀደለት፤ እኔም ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቦታ አደረግሁለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን እያወለቀ ይቀመጥ ነበር። ስህተት ሲኖር ጣቱን ያነሳል፤ ተሳስቶም አያውቅም። እኔ ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ተጽናናሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቀረ፤ በሚቀጥለውም ቀረ።

ቤቱ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ እህል ያበጥሩ ነበር። «አዴ፣ አሞታል?» ስላቸው ራሳቸውን ወዘወዙና ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። አጥሩን እየጠገነ አገኘሁት። ሰው መምጣቱን አላወቀም፤ ዞሬ ፊቱ ቆምኩ።

«ምነው ቀረህ?» አልኩት።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ያ ወለል ያንተን ብቻ አይደለም የሚያመጣልኝ» አለኝ። «የልጁም እግር ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሲስት ደስ ይለኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን አይስትም። ቤዝህ ሥር ገብቶ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቀዋለሁ፤ በእግሬ ነው የምሰማው። ጎበዝ ነው። ከእኔ ይሻላል። እሱን ለመስማት ነው እንዴ ጫማዬን የማወልቀው?»

«ከአንተ አይሻልም» አልኩት።

አፌን እያየ ነበር። ቃሉን ከከንፈሬ አነበበ፤ መዋሸቴንም ከፊቴ አነበበ። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝና መጥረቢያውን አንስቶ ወደ አጥሩ ዞረ። ከጀርባው ቆሜ የተናገርኩት ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱንም አልሰማኝም።